ጾም፣ የቤት ድስት እና ክብደት መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት ልጹም? ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ አልብላ? መልሳቸው ከታች አለ። ነገር ግን የሚያከሳውም የሚያወፍረውም ባብዛኛው ድስት ውስጥ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ስለ ማብሰል የጻፍኩት ስለ መጾም ከጻፍኩት የሚበልጠው።

ክብደት ለመቀነስ የግድ መጾም አለብኝ?

የለባችሁም። ሰውነት የሚከሳው ከሚያቃጥለው ያነሰ ጉልበት ሲገባለት ነው። አንዱ ይህን የሚያገኘው ቁርስ በመተው ነው፤ ሌላው በቀን ሦስቴ እየበላ መጠኑን በማሳነስ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ 139 ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። የሁሉም ካሎሪ ተቀነሰ። ከፊሎቹ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ሰዓት የተወሰነባቸው በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ያህል ትንሽ ነው። ሁለቱም ወገን የከሳው ትንሽ በመብላቱ ነው።

ስለዚህ ጾም ትንሽ ለመብላት የሚያግዛችሁ ከሆነ ጹሙ። የሚያነጫንጫችሁና ማታ ላይ የሚያስገበግባችሁ ከሆነ ተዉት፤ ምንም አይቀርባችሁም።

"16 ለ 8" የሚባለው ምንድን ነው?

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ከሚባሉት የሰዓት ጾሞች በጣም የተለመደው ነው። በቀን 16 ሰዓት ትጾማላችሁ፤ በቀሪው 8 ሰዓት ውስጥ ትበላላችሁ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ምግብ ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት። እንቅልፍ የጾሙን ግማሽ ስለሚወስደው የሚወራለትን ያህል አይከብድም። "5 ለ 2" የሚባልም አለ። አምስቱን ቀን እንደወትሮው ተበልቶ በሁለቱ ቀን በእያንዳንዳቸው ከ500 እስከ 600 ካሎሪ ብቻ ይበላል።

ለጀማሪ ሁለቱንም አልመክርም። መጀመሪያ 12 ሰዓት ሞክሩ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ራት በልታችሁ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሱ። ይህ ብቻውን ከራት በኋላ ቴሌቪዥን ፊት የሚቆረጠመውን ሁሉ ያስቀራል። ለብዙ ሰው ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እየጾምኩ ነው፤ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን?

መጀመሪያ የምጠረጥረው ጾሙ የተፈታበትን ሳህን ነው። 16 ሰዓት የቆየ ሆድ ይቸኩላል። ጥጋብ ደግሞ ለመሰማት ጊዜ ይወስዳል፤ 20 ደቂቃ ገደማ። በዚህ መሃል ዳቦው፣ ሩዙ፣ ጥብሱ ይገባል። የተተወው ቁርስ በምሳ በኩል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚጠጣውን እዩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ የሚጠጣ ሰው ወደ 50 ግራም ስኳር ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ይኸው 50 ግራም ነው፤ ከተቻለ በግማሽ ቢቀነስ ይሻላል ይላል። ጁስም ከዚህ አያመልጥም። ሦስት ብርቱካን ልጣችሁ ብትበሉ ትጠግባላችሁ። ሦስት ብርቱካን ጨምቃችሁ ብትጠጡ ግን ፋይበሩ ቀርቶ ስኳሩ በአንድ ትንፋሽ ይገባል።

ከዚያ ዘይቱ አለ። እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ዘይት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመርጠው ይህን ነው።

አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ያለው 4 ብቻ ነው። በዚህ ሂሳብ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። ለልብ የሚሻል ዘይት አለ፣ የማይሻልም አለ፤ ካሎሪው ግን ያው ነው።

አሁን ወጥ የሚሠራ ሰው እጅ ተመልከቱ። ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ያንቆረቁራል። ማንም አይለካውም። ያ አንድ ማንቆርቆር በቀላሉ ስድስት ሰባት የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፤ ከ700 እስከ 850 ካሎሪ። ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 200 ካሎሪ ገደማ ይደርሰዋል። ምግቡ ራሱ ገና አልተቆጠረም።

መፍትሔው ሽንኩርቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት ጣዱት። ድስቱ ሥሩ ወፍራም ቢሆን ጥሩ ነው። እሳቱን መካከለኛ አድርጉት፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ነስንሱበትና ክደኑት። ጨዉ ከሽንኩርቱ ውሃ ያወጣል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስትከፍቱት በገዛ ውሃው ሲንተከተክ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ክዳኑን አንስታችሁ አማስሉት። ውሃው ሲያልቅ የድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል፣ ቡናማ ነገር ይታያል። አትደንግጡ፤ ጣዕሙ እሱ ነው። ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበትና በእንጨት ማማሰያ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለክታችሁ ጨምሩ፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ቅመሙን አስከትሉ። የቅመም ሽታና ቀለም በቅባት ስለሚወጣ ዘይቱ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ስድስት ማንኪያ ይበላ የነበረ ድስት በሁለት ይበቃዋል፣ ወጡም አይጎመዝዝም።

ዘይት ጨርሳችሁ ተዉ አላልኩም። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬን ሰውነት በደንብ የሚወስደው ቅባት ሲኖር ነው። ብቻ ለኩት። ጠርሙሱ አጠገብ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይቀመጥ፣ ዘይት ያለ እሱ አይፍሰስ።

ውጭ መብላትና የፋብሪካ ምግብ ከቤት ምግብ ያን ያህል ይለያል?

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። 20 ሰዎች ለአንድ ወር ያህል የምርምር ማዕከል ውስጥ ተቀመጡ። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ ብዙ የተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው፤ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ካልተቀነባበሩ ነገሮች የተዘጋጀ። የሚቀርበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባት፣ በጨውና በፋይበር እንዲመጣጠን ተደርጓል። ከዚያ "የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ" ተባሉ። የተቀነባበረውን በበሉበት ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ፤ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ። በሌላኛው ጊዜ ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ።

ልብ በሉ፤ ማንም አልጾመም፣ ማንም ካሎሪ አልቆጠረም። ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለየው ምግቡ ነው። "ሆዳም ነኝ፣ ራሴን መግዛት አልችልም" እያላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ጥናት አስታውሱ።

በእርግጥ ቤት የተሠራ ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቤት የተጠበሰ ድንችም ጥብስ ነው። የቤት ድስት ጥቅሙ የጨዉ፣ የስኳሩና የዘይቱ ልክ በእናንተ እጅ መሆኑ ነው።

ከሥራ የምገባው ደክሜ ነው። መቼ ላብስል?

በየቀኑ አታብስሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን ሥራ ጨርሱት። ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ምስር በዛ አድርጋችሁ ቀቅሉ። ከላይ እንዳልኩት ሽንኩርት አቁላሉ። ጥቂት እንቁላል ቀቅሉ። ከፊሉን ፍሪጅ፣ ከፊሉን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን በሦስት አራት ቀን ጨርሱት። የበሰለ ሩዝ ካለ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፤ ካልሆነ ሆድ ያሳምማል።

የተቀቀለ ባቄላና የተቁላላ ሽንኩርት ያለበት ቤት ራት ለማድረስ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ርቦት የገባ ሰው የሚበላው ቶሎ የሚደርሰውን ነው። ቶሎ የሚደርሰው ጥሩው ምግብ እንዲሆን አድርጉ።

ካሎሪ መቁጠር አልወድም። ምን ያህል እንደምበላ እንዴት ልወቅ?

ሳህኑን በዓይናችሁ ክፈሉት። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን ያለው ነገር፣ ሩቡ ደግሞ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ፓስታ ወይም ድንች። ብዙ ሰው ጋ የሚገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሩዙ ግማሹን ይዞ አትክልቱ ጥግ ላይ ትንሽ ጣል ይደረጋል።

ፕሮቲኑን አትርሱት። ከሁሉም በላይ አቆይቶ የሚያጠግበው እሱ ነው። ክብደት በሚቀንስበት ጊዜም ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ይረዳል። የግድ ሥጋ መሆን የለበትም። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ድስቱን ማዕድ ላይ አታቅርቡ። ጨልፋችሁ አውጡና ምድጃው ላይ ይቅር። ለመድገም መነሳት ካስፈለገ ሰው ሁለቴ ያስባል።

ዳቦና ሩዝ ጨርሼ ልተው?

አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት አነጻጽሯል። ከፊሉ ቅባት፣ ከፊሉ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ። ሁለቱም ወገን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሰ፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። ለሁለቱም የተነገራቸው ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን ቀንሱ፣ አትክልት አብዙ፣ በተቻለ መጠን ቤት አብስሉ የሚል ነበር። ዕድሜ ልክ ልትቀጥሉበት የምትችሉትን ምረጡ። ዳቦ የምትወዱ ሰዎች ዳቦ ከማጥፋት ይልቅ ከሁለት ቁራጭ ወደ አንድ ዝቅ ብትሉና ያልተፈተገውን ብትመርጡ ይሻላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነስኩ፤ በሁለተኛው ምንም። ምን ተበላሸ?

ምንም አልተበላሸም። መጀመሪያ የወረደው ባብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ይይዛል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ስትቀንሱ ክምችቱ ያልቃል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ሚዛኑ በፍጥነት ይወርዳል። ስቡ መቅለጥ የሚጀምረው በዝግታ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም ልክ በዚህ ሰዓት ነው። እባካችሁ እዚህ ጋ አታቁሙ።

በሳምንት ስንት ኪሎ መቀነስ ጤነኛ ነው?

ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ። ከዚያ ሲፈጥን ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ የሐሞት ከረጢት ጠጠር የመያዝ ዕድልም ይጨምራል።

ደግሞም ጥቅሙን ለማግኘት የግድ ቀጭን መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። የአንደኛው ወገን ግብ ክብደቱን በ7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ማድረግ ነበር። በዚህ ወገን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ለ90 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል አይሞላም።

ጾም ስፈታ በምን ልጀምር?

በውሃ፣ ከዚያ በሾርባ ወይም በአትክልት። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ወደ ዋናው ምግብ ግቡ። ጥብስና ጣፋጭ ባዶ ሆድ ላይ አይቅደሙ።

በጾሙ ሰዓት ቡናና ሻይ ይቻላል?

ክብደት ለመቀነስ ለሚደረግ የሰዓት ጾም፣ ያለ ስኳርና ያለ ወተት ይቻላል። ባዶ ሆድ ላይ ቡና ጨጓራቸውን የሚነካቸው ግን ቢተዉት ይሻላል። ውሃ በደንብ ጠጡ።

ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል?

አያቀልጥም። በስኳር ሻይ ፈንታ ከጠጣችሁት ግን ስኳሩ ስለቀረ ይጠቅማችኋል።

ለእምነቴ ነው የምጾመው። በዚያው ክብደት ብቀንስስ?

የእምነት ጾም ዓላማው ሌላ ነው፤ የሚዛን ጉዳይ ባይጫንበት ደስ ይለኛል። ከጤና አንጻር ግን አንድ ነገር ልበል። ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ብቻውን አያከሳም። ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ሁሉም ከተክል ናቸው፤ በጾም ወራት ኪሎ የሚጨምር ሰው ብዙ የሆነውም ለዚህ ነው። ጥራጥሬውንና አትክልቱን አብዙ፣ ዘይቱን ለኩ። ከእንስሳት ምግብ ለረጅም ጊዜ የምትርቁ ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 ነገር ሐኪም ጠይቁ፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ በበቂ መጠን ብዙም አይገኝም።

መጾም የሌለበት ማን ነው?

ይህን ጥያቄ አንብባችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም። መድኃኒቱ የተመጠነው ምግብ ይበላል ተብሎ ነው። ምግቡ ሲቀር የደም ስኳር ከመጠን በላይ ይወርዳል። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ከመጣ ጾሙን ወዲያው አፍርሱና ስኳር ያለው ነገር ውሰዱ። ካልተሻላችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክብደት ሲወርድ ግፊቱም ስለሚወርድ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ ክብደቱ ቀድሞውኑ ያነሰ ሰው፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ አቅም ያነሳቸው አባትና እናት፣ እነዚህ ሁሉ ለክብደት ብለው አይጹሙ።

ከዚህ ቀደም ራሱን በረሃብ የቀጣ፣ ወይም ብዙ በልቶ ማስመለስ የለመደ ሰውም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች የሰዓት ጾም የድሮውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው የሚረዳው ባለሙያ ነው።

ለቀናት ውሃ ብቻ እየጠጡ መክረምን ደግሞ ለማንም አልመክርም። ከአምስት ቀን በላይ ምግብ ያልቀመሰ ሰው ድንገት ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ሊዛቡና ልቡን ሊጎዱት ይችላሉ። ይህ እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል አደጋ ነው።

ቤተሰቤ እንደ ድሮው ነው የሚበላው። ለብቻዬ ድስት ልጣድ?

አትጣዱ፤ ሁለት ድስት በወር ውስጥ ያሰለቻል። አንድ ድስት አብስሉ፣ ዘይቱን ለሁሉም ቀንሱ። ማሟያውን ለየብቻ አቅርቡ። ልጆች ሩዝ ይጨመርላቸው፣ እናንተ አትክልት ጨምሩ። ልጆች ፊት ስለ ውፍረታችሁ አታውሩ፤ "ይህ ምግብ ያወፍራል" አትበሏቸው። ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም፣ በራሱ ሰውነት ላይ ያውለዋል።

የቀነስኩት ኪሎ ለምን ይመለሳል?

ሰውነት መክሳትን እንደ ረሃብ ስለሚቆጥረው ነው። ክብደት ሲወርድ የረሃብ ስሜት ይጨምራል፣ ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ገደማ በግማሽ ምግብ ኖሩ። ሩብ ያህል ክብደታቸው ሄደ። ቀንም ሌሊትም የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማጠራቀም ጀመሩ። ምግቡ ሲፈቀድላቸውም ከልክ በላይ በሉ።

ስለዚህ የተመለሰ ኪሎ የስንፍና ምልክት አይደለም። በጣም የጠበቀ ነገር ሁልጊዜ ይላላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ የሚቀንስበት፣ በዓል ሲመጣ ቁራሽ ኬክ የሚበላበት፣ በማግሥቱ ወደ ወትሮው ድስት የሚመለስበት አካሄድ ዓመት ይዘልቃል። እንቅስቃሴም የበለጠ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የእግር ጉዞ ብቻውን ብዙ ባያከሳም የወረደው ኪሎ እንዳይመለስ በጣም ያግዛል።

በየስንት ጊዜ ልመዘን?

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ፣ ከቁርስ በፊት። በየቀኑ የምትመዘኑ ከሆነ የአንዱን ቀን ቁጥር ሳይሆን የሳምንቱን አማካይ ያዙ። ጨው የበዛበት ራት ወይም የወር አበባ ሚዛኑን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ወገባችሁንም በሜትር ለኩ፣ በወር አንዴ ይበቃል። ከቁመታችሁ ግማሽ በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ85 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ እየቀነሰ ከሆነ ምንም አትቀይሩ፣ ባላችሁበት ቀጥሉ።